ካምፕ ስታቅዱ ከሌሊቱ ጀምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ክረምት እዚህ ደብረ ማርቆስ ሰፋ ያለ የወጣቶች ካምፕ ሊዘጋጅ ነው ተብሎ በጎ ፈቃደኞች ተመዝግበናል። ልጆቹ ከምሥራቅም ከምዕራብም ጎጃም፣ ከአዊም ይመጣሉ። የሚያድሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ዴስኩ ወጥቶ ፍራሽ ይነጠፋል። እኛ እንመራቸዋለን። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ስንት ልጅ ከትምህርት ርቆ እንደከረመ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኳስ የሚጫወትበትና ከሌላ ወረዳ ልጅ ጋር የሚተዋወቅበት ጥቂት ቀን ቢያገኝ ማን ይጠላል?

የሚያሳስበኝ መርሃ ግብሩ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ጢም ብሏል። ስፖርት፣ ችግኝ ተከላ፣ ጥያቄና መልስ፣ የክብር እንግዶች ንግግር (እሱ ብቻውን ግማሽ ቀን መብላቱ አይቀርም)። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን «መኝታ» ብቻ ነው የሚለው። እስኪነጋ አሥር ሰዓት አለ። ማን ነቅቶ ያድራል? ልጅ ቢታመም ማን ይጠራል? አልተጻፈም። ብጠይቅ «ጥበቃ አለ» ተባልኩ።

እኔ የምለው፣ መሪ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለሌሊቱ ነው፤ ዝግጅቱም ከዚያ ይጀምር። ቀኑን ልጆቹ ራሳቸው ያደምቁታል። ኳስ ጣሉላቸው፣ በቃ።

ከዚህ በፊት በሌላ ካምፕ መሪ ሆኜ አገልግያለሁ፤ የት እንደሆነ ይለፈኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። የመድኃኒት ሳጥን አለን፤ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ቤቱ ሄዶ ተኝቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ያወጣን የግቢው ጥበቃ ነው። ባጃጅ የሚነዳ የእህት ልጅ አለው፤ ደወለለት፣ ልጁን በራሱ በጥበቃው ጋቢ ጠቅልለን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ደሙ ሲታይ ወባ። በማግስቱ አዘጋጆቹ ተሰብስበው ለመዝጊያው ቀን ስለሚከራዩት የድምፅ ማጉያ ተወያዩ። ስለ ቁልፉ ያነሳ የለም።

ወባን ካነሳሁ አይቀር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ስለሆነ «እኛ ደጋ ነን» ብለን እንዘናጋለን። ልጆቹ ግን ከዓባይ በረሃ፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከቆላው ሁሉ ይመጣሉ። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ እስኪነሳ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እንግዲህ ካምፑ በተጀመረ በሁለተኛው ሌሊት የሚያተኩሰው ልጅ በሽታውን ይዞ የመጣው ከቤቱ ነው ማለት ነው። «እዚህ ወባ የለም፣ ብርድ መቶት ነው» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት አደገኛ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ደገኛ ልጅ ቆላ ካምፕ ቢሄድ ትኩሳቱ ሊነሳበት የሚችለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ እናቱ «ቆላ አድሮ ነበር» ብላ ለሐኪም እንድትናገር አስቀድመን የምንነግራት እኛ ነን። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት በኪስ ይዞ ማደል ደግሞ የመሪ ሥራ አይደለም። ምርመራ ይቅደም።

አሁን ወደ ጣሪያው። የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሆነ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አጠገብህ ያለ ሰው ቢያወራህ አትሰማም። አርባ ልጅ በተኛበት ክፍል ጥግ ላይ ያለች ልጅ ብትጣራ በሩ ላይ የቆመው አይሰማትም፤ ተረኛው በረንዳ ላይ ከሆነማ ጭራሽ። መብራቱም በነጎድጓዱ እልም ይላል። ስለዚህ ተረኛው በየክፍሉ እየገባ ይይ፣ ለልጆቹ እጅ የሚቀርብ ባትሪ በየግድግዳው ይሰቀል። በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ ገና ሳይጨልም «ስትፈልጉን ባትሪውን ወደ ጣሪያው አብሩ» ተብለው አንድ ሁለቴ ይሞክሩት። ለእኔ ስልጠና ማለት ይኼ ነው። ስለ አመራር ጥበብ ስላይድ ሲነበብልን መዋል አይደለም።

ሽንት ቤቱም የሌሊት ጉዳይ ነው። ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚያገለግለው፣ ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ርቀቱም ከመኝታው ከ50 ሜትር ያልበለጠ ይላል። የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሽንት ቤት ያለው ግን ግቢው ጥግ፣ አጥሩ ሥር ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ጨለማ። ሴቶቹ ልጆች ማታ ላለመውጣት ሲሉ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ለወንድ መሪ አይነግሩትም። ለዚህ ነው የሴት መሪዎች ነገር «ከተገኙ» ተብሎ የሚታለፍ መሆን የሌለበት። ሞዴስም ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ሳይሆን በመሪዋ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ደግሞ ትርፍ እንጀራና አጥንት ወጥ ቤቱ ጀርባ ደፍቶ መተኛት ጅብ መጥራት ነው፤ ጅቡ ባይገባ እንኳ ድምፁ አርባውንም ልጅ ያስነሳል።

ስለ ቡዳ ወሬም ዝም አልልም። መብራት ጠፍቶ ብዙ ልጅ አንድ ክፍል ሲተኛ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጅብ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጋኔን፣ ከዚያ ቡዳ። ከዚያ አንዱ «የእገሌ አባት ቀጥቃጭ ነው አሉ» ይላል። ሳቅ ይሆናል። ጠዋት ስትገባ አንድ ፍራሽ ብቻውን ግድግዳ ሥር ታገኘዋለህ፤ ሌሎቹ ሁሉ ሸሽተውታል። ያን ጊዜ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ እኩልነት ንግግር ማድረግ ያንኑ ልጅ ደግሞ ማጋለጥ ነው። እንዲህ ሲሆን አንዲት መምህርት ያደረገችውን አይቻለሁ። ምንም አልተናገረችም። ምሳ ላይ ከልጁ ጋር አንድ ትሪ ቀረበች፣ አጎረሰችው፣ እሱም አጎረሳት፣ ሁሉም አየ። ማታ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ የመኝታ ቦታ በዕጣ ነው» ብላ ክፍሉን በሙሉ አዘዋወረች። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም መሰለኝ፤ ግን እንደሷ ያሉትን ሰዎች አምጥቶ ለእኛ ለአዲሶቹ እንዲያወሩልን ማድረግ ምን ይከብዳል?

ከልጆቹ መምጣት በፊት ወላጅ የሚሞላው ቅጽ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ቀበሌ። ለሌሊት የሚጠቅም ነገር የለውም። በእንቅልፉ ይነሳል ወይ? ይሸናል ወይ? አስም አለበት? የሚጥል በሽታስ? የሚውጠው መድኃኒት አለ? ቤት ውስጥ ማን ብለው ነው የሚጠሩት? የመጨረሻውን ስል ሰው ይስቅብኛል። ደንግጦ የነቃ ልጅ ግን በመዝገብ ስሙ ብትጠራው ላይመልስልህ ይችላል፤ እናቱ በምትጠራው ስም ስትለው ነው የሚረጋጋው። ከአዊ ገጠር የመጣው ደግሞ በድንጋጤ አፉን የሚፈታው በአዊኛ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋውን የሚችል መሪ የትኛው ክፍል እንዳለ እንወቅ። የሚጥል በሽታን በተመለከተ አሁንም ክብሪት ጭሮ ማሽተት አልቀረም። አይሠራም። ልጁን በጎኑ አስተኝቶ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ ሰዓት መያዝ ነው፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና። በፍራሹ ላይ ለሸና ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይነቃ አንሶላ የሚቀየርበት ዘዴ ቀድሞ ይታሰብ። ትርፍ አንሶላ የት እንዳለ ተረኛው ይወቅ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ማንም መሪ፣ ካህንም ይሁን መምህር ይሁን የትልቅ ሰው ልጅ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ አይገኝ። የሌሊት ተረኛ ሁለት ሁለት ይሁን። ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ አሉ፤ «በእኛ አገር እንዲህ አይታሰብም» ይሉኛል። በየትኛው አገር ነው የሚታሰበው? ደንቡ ልጁንም መሪውንም ይጠብቃል።

ደግሞስ ጎጃም ልጅን ከቤት ርቆ ማሳደር መች ብርቁ ሆነ? ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ስንቱን የቆሎ ተማሪ በጎጆ አሳድረዋል። እዚያ የኔታ ሁሉንም ልጅ በዓይናቸው አይጠብቁም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ይዞ ያስጠናዋል፣ ሲታመም ያየዋል። የስካውት መሥራች ባደን ፓወልም በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያደርግ፣ ሃያ ገደማ ልጆችን በአራት ትናንሽ ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ ከልጆቹ መሃል አለቃ ሰጠ። እኛ ዘንድ ግን ለአንድ መሪ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ነው የሚታሰበው። በስምንት በስምንት ይከፈሉልን፤ ከየስምንቱም አንድ ታላቅ ይኑር። ማታ ፍራሽ ላይ ማን እንደጎደለ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ካምፕ ሲበዛ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወደ 43,000 ወጣቶች የተገኙበት የዓለም ስካውት ጃምቦሪ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ እያለ ሙቀቱ ብዙ ልጆች ጣለ፣ በመጸዳጃው ንጽሕና ቅሬታ በዛ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልጆች ጥለው ወጡ፣ በመጨረሻ አውሎ ነፋስ መጣ ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ። የእኛ ጠላት ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው። ከባሕር ዳር በቲሸርት የሚመጣ ልጅ የደብረ ማርቆስን የሐምሌ ሌሊት አያውቀውም፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ፍራሽ ብቻ ከሆነ እንቅልፍ የለም። ከሥር ጆንያ ወይም ካርቶን ይነጠፍ፣ ብርድ ልብስ ሁለት ሁለት ይታሰብ።

ቀኑ ነሐሴ ላይ ከዋለ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ከ1 እስከ 15 ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያስቀድሱበት፣ ብዙዎቹም እስከ ከሰዓት የሚጾሙበት ጊዜ ነው። ጾመኛ ልጅ ረፋድ ላይ አሩጠህ ማታ ራሱን ቢስት አትደነቅ። ውድድሩ ወደ አመሻሽ ይዙር፣ እራት ጠንከር ይበል፤ ሽሮና ምስር፣ ለሌሊት የሚሆን በሶም አይጥፋ። ለሙስሊም ልጆች የሚታረደው በወገናቸው ይታረድ፤ ለንጋቱ ሶላት ሲነሱ ውሃና መብራት ይኑር፣ ተረኛውም «የት ትሄዳለህ» ብሎ አይጩህባቸው።

እኛንም አስቡን። ቀን ሮጦ ሌሊት ነቅቶ የሚያድር መሪ በሦስተኛው ቀን ልጅ ላይ መጮህ ይጀምራል፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ብላችሁ ተረኛ ክፈሉ፤ ሌሊት የነቃ ሰው ረፋድ ላይ ይተኛ። አበል የጠየቀ የለም። ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ካርድ ግን ከአርማ የታተመበት ቲሸርት ይቀድማሉ። (ቲሸርቱ ደግሞ ሁሌ አንድ ልክ ነው፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ኤል።)

መንገድ ቢዘጋስ፣ ኔትወርክ ቢጠፋስ? አሁን ባለንበት ሁኔታ ይህን አለመጠየቅ ሞኝነት ነው። ልጆቹ ከተባለው ቀን በላይ ቢቆዩ የሚበቃ እህል አለ ወይ? ለየወላጁ መልእክት የሚያደርስ ሰው በየወረዳው ተለይቷል ወይ? የእነዚህ መልስ አስቀድሞ በወረቀት ካልተጻፈና ለወላጅ ካልተነገረ ካምፑ ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጉልን ብባል ይህን እጠይቃለሁ፦ ልጆቹ ሳይመጡ እኛ መሪዎቹ አንድ ሌሊት እዚያው ግቢ እንደር። በዚያው ወለል፣ በዚያው ፍራሽ፣ አዘጋጆቹም ጭምር። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ ከየትኛው ክፍል ወደ ሽንት ቤቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ጤና ጣቢያው ሌሊት ማን እንደሚከፍት፣ የመድኃኒቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ ያን ሌሊት እንየው። የስልጠናው ቀን ገና አልተቆረጠም ተብሏል፤ እንግዲያው ለዚህ ቦታ አለው። የተመዘገባችሁ ጓደኞቼ፣ እሺ ከተባልን ጋቢና ባትሪ ይዛችሁ ኑ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ።

አንድ በጎ ፈቃደኛ
ከደብረ ማርቆስ