ከችግኙ ጉድጓድ በፊት ጣዝማን እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የተከላ ወቅት በመጣ ቁጥር ስለ ዛፉ እንጂ ከመሬት በታች ስለምትኖረው ትንሽ ንብ፣ ስለ ጣዝማ የሚያነሳ የለም። ጎጆዋ አፈር ውስጥ ነው፤ መግቢያው ጣት እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ስለሆነ ቆፋሪው አያየውም። ዶማው የሰም ማሰሮዎቿን ሲቀድ የፈሰሰው ማር ጉንዳን ይጠራል፤ እጮቿም አብረው ያልቃሉ። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ቦታውን ዞሮ ማየት፣ ንቦቹ የሚመላለሱበትን ቀዳዳ በካስማ ማጠርና ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ መትከል ያስፈልጋል።

ደን «ማጽዳት» የሚባለውም ይጎዳል። የደረቀ ግንድ ሁሉ ለማገዶ ሲለቀም እንጨት በስተው ጎጆ የሚሠሩት ጥቋቁር ንቦች ማደሪያ ያጣሉ፤ አባጨጓሬ እያደኑ እጫቸውን የሚመግቡ ተርቦችም እንዲሁ። ጥቂት የቆመ ደረቅ ዛፍ ሳይቆረጥ ይቆይ፤ ቁጥቋጦውም አበባው ከረገፈ በኋላ፣ በከፊል ብቻ ይመንጠር።