ማክሰኞ ፈተና አለብኝ

ዴቭዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍረኛል። አባባ ሲያርፉ እንኳን አልደወልኩልህም። ስልኩን አንስቼ የምለው ጠፋኝ፤ ከዘገየ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ይቅር በለኝ ወንድሜ። እሁድ እማማ ጋ እሄዳለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ጨንቆኝ ነው። ማክሰኞ የቧንቧ ብየዳ ልፈተን ነው። ሲክስ ጂ! ቧንቧው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ እሱ አይዞርም፣ የምትዞረው አንተ ነህ። ለነገሩ ለማን ነው የምነግረው?

አስራ አንድ ዓመት በርና መስኮት ስሠራ ኖርኩ። ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ 6013 ኤሌክትሮድ። አሁን ደንበኛው ሁሉ አሉሚኒየም ይላል። ይህን ፈተና ያለፈ ግን በየትኛውም አቅጣጫ መበየድ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ቦይለር ያለበት ፋብሪካ ሁሉ፣ ወንጂ በለው መተሃራ፣ የእንፋሎት ቧንቧውን ለበርና መስኮት ሠራተኛ አይሰጥም።

ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ወርክሾፑን ዘግቼ ተለማመድኩ። ከስር 6010፣ ከላይ 7018 ኤሌክትሮድ፣ አንተ እዛ ካናዳ፣ አልበርታ፣ ለፕሬዠር (ግፊት ለሚሸከም ቧንቧ) ብየዳ ፈተናህ እንዳደረግከው። ላዩ ያምራል። ጉዱ ውስጡ ነው። ከቧንቧው ሆድ በኩል ስጀምር ቅላጩ ወደ ውስጥ መግባት ሲገባው ወደ እኔ ይወርዳል። ትናንት ቆርጬ በባትሪ ሳየው ስሩ እንደ ቦይ ጎድጉዷል። ዓይኔም የብየዳው ብርሃን መትቶት አሸዋ እንደገባበት እየቆረቆረኝ፣ ባለቤቴ ድንች ቆርጣ ለጥፋልኝ አደርኩ።

በል ንገረኝ። ከሆዱ በኩል ኤሌክትሮዱን ምን ያህል ትገፋዋለህ? እኔ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለውን ክፍተት 3 ሚሊ ነው የምተወው፤ ይበዛል? አምፒሩንስ? ደረጃ 2 ስንፈተን የተጣመመብህን ቲ ጆይንት ማን እንዳቃናልህ አትርሳ፤ ብድሬን የምትመልስበት ቀን ደርሷል።

አንድ ነገር ደግሞ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። ወደ ኤድመንተን የሄድክ ጊዜ ቀንቼብህ ነበር። ዝም ያልኩትም በከፊል ለዚያ ነው። አሁን አልፏል።

ፈተናው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ላንተ የሰኞ እኩለ ሌሊት ገደማ ይሆናል። ከዚያ በፊት ድምፅህን በቴሌግራም ላክልኝ። የቆረጥኩትን ቧንቧ ፎቶ ልኬልሃለሁ። በግራ በኩል ያለውን ጠጋ አድርገህ እየው፤ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ያንተው፣
ሳሚ