የአባባ ትራክተር ቤንዚን ተወች

ጎንደር፣ አዘዞ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፋን አይደል? አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፣ ኔትወርኩም ዝም። ይሁን፣ ስትመጣ እንወቃቀሳለን።

ዛሬ የጻፍኩልህ በአባባ ትራክተር ጉዳይ ነው። ያቺ ከኋላ እየተከተሉ የሚነዷት፣ ባለ ሁለት ጎማዋ ጣሊያን ሠራሽ። ነፍሳቸውን ይማረውና አባባ ካረፉ ጀምሮ ጓሮ ቆርቆሮ ስር ተቀምጣ ነበር። ቁራሌው እየተመላለሰ እማማን ሲነዘንዛቸው ከረመ። "ልጄ ሳይፈቅድማ አልሸጥም" ይሉታል። በመጨረሻ እኔን ጠርተው "እስቲ አንተ እያት" አሉኝ።

አየኋት። ሞተሯ አብቅቶለታል። ፒስተኑ ነክሷል፣ ካርቡራቶሩን ዝገት በልቶታል፣ መለዋወጫው ደግሞ ፒያሳም ቅዳሜ ገበያም የለም። ካምቢዮውን ስንከፍተው ግን ደነገጥኩ። ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ እንደተኙ ያብረቀርቃሉ። ቀበቶ የለ፣ ሰንሰለት የለ፤ እስከ ጎማው ድረስ ጥርስ በጥርስ ነው። ይሄን ለቁራሌው በኪሎ መስጠት ግፍ ነው አልኩ።

አሜሪካኖች ግሬቭሊ የምትባል የእነሱ አሮጌ የእጅ ትራክተር አለቻቸው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረ ፎቶ አንሺ ነው የፈጠራት፤ በ1916 እ.ኤ.አ. ፓተንት አውጥቶባታል። ዛሬ ሞተሯ ሲሞት አውጥተው ኤሌክትሪክ ይገጥሙላታል። እነሱ ከቻሉ እኛስ?

አባባ "ይቺ ልጅ እዚህ አገር ስትመጣ አቅም አነሳት" ሲሉ ትዝ ይልሃል? እውነታቸውን ነበር። የቤንዚን ሞተር ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከጉልበቷ አምስት እጅ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ግን አየር አይፈልግም።

የገጠምንላት ሞተርና ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) የኤሌክትሪክ ባጃጅ ናቸው። 48 ቮልት፣ 3 ኪሎዋት። በፈረስ ጉልበት 4 ብቻ ነው፣ የድሮው 10 ነበር። ትስቅ ይሆናል። ቤንዚኑ ጉልበቱን የሚያወጣው ሲጮህ ነው፤ ይሄኛው ገና ከቆመበት ሲነሳ ይጎትታል።

ከባዱ ሥራ ሁለቱን ማጋጠሙ ነው። ካርቶን ካምቢዮው አፍ ላይ ለጥፈን በግራሶ ጣታችን አሸነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ አንድ በአንድ ወጣ። በዚያ ልክ ቶርኖ ቤት ወፍራም ላሜራ ተቆረጠ። ዘንጎቹን የሚያገናኘው ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ነው፣ መሐሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ጎማ ተቀምጧል። ዘንጎቹ ለፀጉር ያህል ከተዛነፉ ጎማው ይበላል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታው ይሄዳል። ቶርኖ ሠሪው እየፈታ እየገጠመ አሰለቸኝ። ደግ አደረገ።

ሌላው ሚዛኑ ነው። የድሮው ሞተር ከፊት ሆኖ ከኋላ ላለው መቆፈሪያ ሚዛን ይጠብቅ ነበር። እሱ ሲነሳ አፍንጫዋ ወደ ላይ አለ። ስለዚህ ባትሪውን በብረት ሳጥን አድርገን እዚያው ከፊት በየድነው። እኔ ባትሪው እንዲከብድ የምፈልግበት ቀን ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር!

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቤንዚኑ ድንጋይ ሲገጥመው ይጠፋ ነበር። ኤሌክትሪኩ አይጠፋም፣ ይብሱን ይገፋል። ያ ግፊት አሮጌ ጥርስ ይሰብራል። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የሚለቀውን አምፔር ዝቅ አደረግነው፣ ፍሪሲዮኑንም አላወጣነውም። እጀታው ሲለቀቅ ሁሉም ይቆማል። ፊውዙም ለዲሲ፣ ማለትም ለባትሪ ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፣ ባትሪው ጥግ ላይ። የባትሪ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ብልጭታው እንደ ቤት መብራት ቶሎ አይሞትም፤ የቤት ብሬከር ልግጠም የሚልህን አትስማ።

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። 3.2 ቮልት ሴል፣ 16 በተከታታይ፣ 100 አምፔር ሰዓት። 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሥራው በአማካይ 2 ኪሎዋት ቢበላ፣ ትንሽ አስተርፈን ሁለት ሰዓት ያሠራናል። ለጓሮ ይበቃል፣ ለማሳ አይበቃም። መብራት ማታ ስትመጣ እንሰካዋለን፤ ካልመጣች እንጠብቃለን። ከቤንዚን ሰልፍ ይሻላል።

ርካሽ ነው አልልህም። ባትሪው ብቻውን የሌላውን ሁሉ ዋጋ ይበልጣል። ሞተሯ ቢሠራ ኖሮ አልነካትም ነበር። ሞተር ሞቶ ካምቢዮ ሲተርፍ ነው ነገሩ የሚያዋጣው።

ዋልካው እንደምታውቀው ነው። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ማጣበቂያ። ጠፈፍ ሲል ጠብቀን የነጭ ሽንኩርቱን መደብ አረስንባት። እማማ ደጃፍ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ድምፅ ሲያጡ "ጠፋች እንዴ?" አሉ። እየሄደች ነው እማማ ብላቸው አላመኑኝም፤ መጥተው ጎማውን አዩት።

አሁን ያንተን ቃል የምፈልግበት ነገር አለ። የድሮውን ሞተር አልሸጥኩትም፣ በጆንያ ጠቅልዬ ማድ ቤት ጥግ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ለመለዋወጫ ሊገዛው ይፈልጋል። የአባባ እጅ ያረፈበት ነውና ያለ አንተ አልወስንም። ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? ለጥምቀት የምትመጣ ከሆነም ቀደም ብለህ አሳውቀኝ፤ የጎመኑን መደብ ላንተ እተውልሃለሁ።

እማማ "ይደውል" ብለውሃል።

ወንድምህ