በዚያች ሌሊት ላልተለያችሁኝ

ዛሬ አልኮል ካቆምኩ ስድስት ወር ሞላኝ። ሰው ፊት ቆሜ ማመስገን ስለሚከብደኝ ጻፍኩት።

ጎንደር ስመጣ እናቴ በግ ሸጣ ነው የላከችኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁለት ኮርስ ኤፍ አመጣሁ። ቤት ሲደወል ግን “ትምህርት ጥሩ ነው” እላለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ከፈተና በኋላ ፒያሳ ወርደን አንድ ሁለት ድራፍት ነበር። ቀጥሎ ለመተኛት አረቄ። በመጨረሻ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ጠዋት ሳልቀምስ ክፍል መግባት አቃተኝ።

ጥር 11 ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ “ሁለተኛ አልቀምስም” ብዬ ማልኩ። ለማንም ሳልነግር በአንዴ አቆምኩ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አላውቃትም ነበር። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥም ይችላል። ይገድላል። ማቆም ያለበት ሐኪም እያየው ነው። እኔን በሁለተኛው ሌሊት ዶርም ውስጥ ጣለኝ።

የዶርሜ ልጆች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ። አንዱ ሊያሸተኝ ክብሪት ሲጭር የጤና ተማሪው “ተው! በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ” ብለህ ጮህክ። ተሸክማችሁ በሩጫ አወጣችሁኝ። በር ላይ የነበሩት አባባ መታወቂያ ሳይጠይቁ ከፈቱልን፤ ባጃጅም ቆመው የለመኑልን እሳቸው ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር፣ “በቀን ስንት ነው የምትጠጣው?” ሲሉኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ነበር። እውነቱን ለሰው የተናገርኩት ያኔ ነው። የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ የቫይታሚን ቢ1 መርፌውን፣ ከሁሉም በላይ “ይሄ ሕመም ነው፤ ትድናለህ” ያሉኝን አልረሳም።

የንስሐ አባቴ፣ እናቴ ጠበል ካልወሰድኩት ብላ ስታለቅስ “ጠበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ” ብለው አስታረቁን። እማዬ፣ ውጤቴን የደበቅኩሽ ልብሽ ይሰበራል ብዬ ነው። አንቺ ግን ኤፍ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሽኝም። “በልተሃል?” ነው ያልሽኝ።

ልጆች፣ አሁንም ከፈተና በኋላ አብረን ፒያሳ እንወርዳለን። አራታችንም ማኪያቶ እናዛለን። እናንተ ድራፍት እንደምትወዱ አውቃለሁ።