ካርዱ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ስለማዘጋጀት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል፣ መሰካት ይበቃል ይላሉ። ውሸት ነው አልልም። ግን የነገሩን ግማሽ ትተውታል፤ ያ የቀረው ግማሽ እኔን ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን አኳርፎኛል።

ኮተቤ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ስጠግን 26 ዓመት ሆነኝ። ኮምፒውተር ሙያዬ አይደለም፣ ስለ ቮልትና አምፔር ግን ማንም አያታልለኝም ብዬ አምን ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል ለሚማረው ልጄ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ገዛሁለት። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ አራተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጂቢ ራም፣ ከዱባይ የገባ። ትልቁም ቀጭኑም ነበር፤ ጠረጴዛ አታጣብብም ብዬ ቀጭኗን መረጥኩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ምርጫ ነው።

ልጁ ለኔ ሳይነግረኝ ዳላስ ያለችውን አክስቱን በቴሌግራም ለመናት። እሷም አላሳፈረችውም፤ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የሚባል ግራፊክስ ካርድ ገዝታ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከችለት። የዚያን ቀን ቤታችን ሰርግ ነበር። ክዳኑን ከፍተን ካርዱን ስናስጠጋው ግን ሦስት ጣት ያህል ከኬዙ ወጥቶ ቀረ። ለቀጭን ኬዝ የሚሆነው ካርድ ቁመቱ አጭር ነው፣ ጀርባው ላይ የሚታሰረው ብረትም እንደዚያው። አክስትየው ይህን ከየት ታውቃለች? እኛስ መቼ አወቅን?

ኬዙ ክፍቱን ይሥራ ብንል እንኳ አይሆንም ነበር። ካርዱ ባለ 8 ፒን (ባለ 8 እግር) የኃይል ገመድ ይጠይቃል፤ የኛዋ ፓወር ሳፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የምታከፋፍለው ሳጥን፣ እንዲህ ያለ ገመድ የላትም። ጎኗ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፣ 255 ዋት። ካርዱ ብቻውን 125 ዋት ይበላል። ታዲያ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ሱቅ ያለው ሁሉ ማዘርቦርድ ላይ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ላይ፣ በ24 ፒን የሚሰካ ነው፤ የዴሏ ማዘርቦርድ ደግሞ የራሷ፣ ከካርዱ የተለየ ባለ 8 ፒን መሰኪያ አላት። መጠኑም ቢሆን ያ ቀጭን ኬዝ ውስጥ አይገባም።

መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ይቺን ገመድ ብቻ ይውሰዱ» አለኝ። ከሃርድ ዲስክ ገመድ፣ ማለትም ከሳታ፣ ወደ 8 ፒን የምትቀይር ናት። «ሁሉም ሰው ነው የሚጠቀማት» አለኝ። የሳታ ጫፍ በ12 ቮልቱ መስመር የሚችለው 4.5 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 54 ዋት። ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት እንዲስብ የተፈቀደ መሰኪያ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ የ26 ዓመት እንጀራዬ ስለሆነ አመስግኜው ወጣሁ። ስንቱ አባት ገዝቷት እንደሄደ ግን እግዜር ይወቅ።

ካርዱን መመለስ አይቻልም። በሰው ሻንጣ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ነገሩን ገልብጠን ካርዱን ይዘን ኮምፒውተር ፈለግንለት። ዋጋውን አልጽፍም፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬ ዋጋ ደብዳቤዬ እስኪታተም አይቆይም። ኮር አይ 3 12100ኤፍ ፕሮሰሰር፣ ኤች 610 ማዘርቦርድ፣ ራም ሁለት ባለ 8 ጂቢ። አንድ ባለ 16 ይረክሳል ብሎኝ ነበር ነጋዴው፤ ልጄ ግን ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ጌሙ ይፈጥናል ብሎ ሞግቶኝ አሸነፈ። ቤት ስንደርስ ራሙ አልገባ አለ። ብንገፋውም እምቢ። አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ስናየው የራሙ ጎድጓዳና የማዘርቦርዱ ጥርስ በጥቂት ሚሊሜትር ይሳሳታሉ። ሰውየው አዲሱን የራም ዓይነት፣ ዲዲአር 5 ሰጥቶናል፣ ማዘርቦርዱ የቀድሞው የዲዲአር 4 ነው። ኤች 610 ማዘርቦርድ አንዳንዱ ለዲዲአር 4፣ አንዳንዱ ለዲዲአር 5 ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ሳጥኑ ላይ የቱ እንደተጻፈ ካላያችሁ ሻጩም አያይላችሁም።

በፓወር ሳፕላዩ ግን አልተሸወድኩም። ከኬዝ ጋር በነፃ የሚሰጡትን አንዱን አነሳሁት፣ እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለኝ። ላዩ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥሩ ያለውን ሠንጠረዥ ሳየው 12 ቮልቱ 18 አምፔር ነው፣ ማለትም 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያው መስመር ነው። መብራት በየሰዓቱ በሚመላለስበት ሰፈር እንዲህ ያለውን መሰካት ሌላ ድፍረት ነው። ደህናውን ስገዛ ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ አኮረፈች።

ሁሉም ተሰክቶ አለቀ። ማብሪያውን ተጫንን፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር። ቴስተሬን አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ለካሁ፤ ቮልቱ ሁሉ ልክ ነው። ልጄ ከኋላ ጎንበስ አለና የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ካርዱ ላይ ሰካው። በራ። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነበረች። አሁን ደንበኛ ፊት የጠፋ ቴሌቪዥን ስከፍት «አባዬ፣ ገመዱን አየኸው?» ይለኛል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሁለት ነገር ቢጨምሩልን። አንደኛ፣ «ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር» ሲሉ የኬዙን ዓይነትና የፓወር ሳፕላዩን ዋት አብረው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ጋዜጣችሁን በውጭ ያሉ ወገኖችም ስለሚያነቡት፣ ዕቃ ለመላክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የኮምፒውተሩን ሆድና የፓወር ሳፕላዩን ጽሑፍ ፎቶ አስነስቶ ያስልክ። የኛ ልጅ ለአክስቱ የላከው የካርዱን ፎቶ ብቻ ነበር።

ቀጭኗን ዴል ለጎረቤት ልጅ ሸጥኳት። ግራፊክስ ካርድ ትቀበል እንደሆነ ጠየቀኝ። ትቀበላለች አልኩት፤ አጭሩን ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራውን፣ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቀውን እንዳትገዛ፣ አጭሩ ብረት አብሮት እንዳለም ሳጥኑን ከፍተህ እይ። ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከኮተቤ