የምስጋና መልእክት፦ ልጄን ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

ባለፈው ወር የ22 ዓመቱ ልጄ በድንገት ታሞ ባሕር ዳር በሕክምና ላይ በነበረበት ጊዜ ከጎናችን የቆማችሁትን ሁሉ በየቤታችሁ እየዞርኩ ማመስገን ስላልቻልኩ፣ ምስጋናዬን በዚህ ጽሑፍ ለማድረስ እወዳለሁ።

ልጄ ዘጌ፣ አያቱ ደጃፍ ተቀምጦ ቡና ሲለቅም ቀኝ ጎኑን ውጋት ያዘው። ሸክም አላነሳም፣ አልወደቀም። እኔም በስልክ ስሰማ «ብርድ ነው፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ» ብዬ አንድ ሙሉ ቀን አባከንኩበት፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። በማግስቱ ንግግሩን መጨረስ እስኪያቅተው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ተሳፋሪ ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነስቶ ሐይቁን ያሻገረልን፣ የነዳጁን እንኳ አልቀበልም ያለን ባለ ጀልባ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ።

በድንገተኛ ክፍል የተቀበሉን ሲስተር ማዳመጫቸውን በግራ ደረቱ ላይ አድርገው ሰሙ፤ ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ እንደገና ወደ ግራ መለሱት። ከዚያም ኦክስጅን አድርገውለት ሐኪሙን ለመጥራት ሮጡ። በቀኝ በኩል የትንፋሹ ድምፅ ጠፍቶ ነበር።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ያስረዱኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሳንባ ተነፍቶ የሚኖረው በእርሱ ሽፋንና በደረት ግድግዳ ሽፋን መካከል አየር ስለሌለ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪያ ሲበሳ ያፈተለከው አየር በጎማውና በካላማዳሪያው መካከል እንደሚገባ ሁሉ፣ ከልጄ ሳንባ የወጣው አየርም በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ገብቶ ሳንባውን አሟሽሾት ነበር፤ በሕክምና አጠራሩ ኒሞቶራክስ ይባላል። በሳንባ አናት ላይ ያሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሲፈነዱ በረጃጅምና ቀጫጭን ወጣት ወንዶች ላይ ያለ ምንም ጉዳት፣ ብዙውን ጊዜም ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ይከሰታል፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች የሳንባ ሕመሞችም ያመጡታል፤ ለዚህም ሲባል አክታው ተመርምሮ ከነቀርሳ ነጻ ሆኗል። አጠገቡ የተኛው ወጣት ግን በባጃጅ አደጋ የተሰበረ የጎን አጥንቱ ሳንባውን ወግቶት ነው የመጣው።

«ታጨሳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጄ መጀመሪያ የተመለከተው እኔን ነበር። እንደሚያጨስ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሐኪሙ አልተቆጡትም፣ እኔንም እንድቆጣው አልፈቀዱልኝም፤ ስለዚህም ለብቻው አመሰግናቸዋለሁ።

በጎድን አጥንቶቹ መካከል ቱቦ ገባለት፤ የቱቦው ሌላኛ ጫፍ መሬት ላይ ባለ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከውኃ በታች ነበር። አየሩ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፤ ውኃው ግን ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ሲያስል አረፋው ይበዛል፣ ሲተነፍስ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ እርሱን ስቆጥር አድራለሁ። አንድ ቀን ጠርሙሱ ቢረገጥ ብዬ ወንበር ላይ ላስቀምጠው ሳነሳ፣ «አባቴ፣ ከደረቱ በላይ ከሆነ ውኃው ወደ ውስጥ ይመለሳል!» ብለሽ እጄን የያዝሽው የጽዳት ሠራተኛ እኅቴ፣ ስምሽን ሳልጠይቅ በመውጣቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

አረፋው ቆሞ፣ ሳንባው መነፋቱ በራጅ ተረጋግጦ፣ ቱቦው በስድስተኛው ቀን ወጣ። ወደ አዲስ አበባ የቆረጠው የአውሮፕላን ትኬት በሐኪሙ ትእዛዝ ተሰርዟል፤ የቀረ አየር ካለ ከፍታ ላይ ይሰፋልና። ሕመሙ ሊደገም እንደሚችልም ስለተነገረን፣ ውጋት ከተሰማው አሁን የሚጠብቅ ሰው የለም።

ተራ ገብታችሁ ላደራችሁልኝ ጎረቤቶቼ፣ ምሳና እራት ላመላለሳችሁልን የዕድር አባላት በሙሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ያን ዕለት ልጄ ጀምሮ የተወውን ቡና አያቱ ለቅመው ጨርሰዋል፤ በቀጠሮው ቀን ለክፍሉ ሠራተኞች ይዘን እንመጣለን።