የፕላን ፎቶ ይቅር፤ ፋይሉ ይላክ

ይድረስ ለበኵር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ግንባታ ባለበት ሁሉ አንድ አጉል ልማድ ሥር ሰዷል። መሐንዲሱ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውን ፕላን በስልኩ ያነሳና በቴሌግራም ለፎርማኑ ይልካል። ፎርማኑ ለፌሮ ቆራጩ ያስተላልፋል። ፌሮ ቆራጩ በጣቱ እያጎላ ያነባል። ቁጥሩ 3 ይሁን 8 የሚለየው በግምት ነው።

ለምን እንደሚደበዝዝ በሒሳብ ማየት ይቻላል። የኤ1 ወረቀት ርዝመት 841 ሚሊ ሜትር ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ (ፒክሰል) ያሳንሰዋል። አንዷ ነጥብ እንግዲህ የወረቀቱን 0.66 ሚሊ ሜትር ትሸፍናለች፤ ቁመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጽሑፍ አራት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በዚህ ቁመት 3፣ 6 እና 8 መንትዮች ናቸው። ኮፒ ቤት አሳትሞ በማስመሪያ መለካትም አያዋጣም። በ1፡50 የተሠራ የኤ1 ፕላን ኤ3 ላይ ሲታተም 1፡100፣ ኤ4 ላይ ሲጨመቅ ወደ 1፡141 ይሆናል፤ ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም 1፡50 እያለ ይዋሻል።

መፍትሔው ፎቶው ቀርቶ ፕላኑ የተሠራበትን የኮምፒውተር ፋይል ራሱን መላክ ነው። አንድ በርና መስኮት ሠሪ ለዚህ ብሎ አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም መግዛት የለበትም። ፋይሉን ለማየት ነጻ መንገድ አለ። አውቶዴስክ ቪወር የተባለው ማሳያ በኢንተርኔት ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፤ የሚጠይቀው ነጻ አካውንት ብቻ ነው። ፋይሉ ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር፣ ይጫናል፤ የመተርጎሙን ከባድ ሥራ ሰርቨሩ ስለሚሠራው አሮጌ ኮምፒውተርም ይበቃል። አንዱ ከጫነው በኋላ ሊንኩን ለሌሎች መላክ ይችላል። ኔትወርክ በማይታመንበት ሳይት ደግሞ ዲደብልዩጂ ትሩቪው የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አስቀድሞ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ መጫን ይሻላል። ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ በአዲስ አውቶካድ የተቀመጠውንም አሮጌው እንዲያነበው አድርጎ ይቀይራል።

ፋይሉ ተከፈተ ማለት ግን ሁሉም ነገር ታየ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሞዴል የሚባለው ሜዳ ነው። ምድር ቤቱ፣ ፎቁ፣ የተጣለው የቀድሞ ንድፍ ሳይቀር ተዘርግቶ ይታያል። መነበብ ያለበት ከዝርዝሩ ውስጥ የሚመረጠው ሌይአውት፣ ማለትም ለኅትመት የተሰናዳው ገጽ ነው፤ ርዕሱ፣ ቀኑና የማሻሻያ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ግድግዳው ጠፍቶ የቤት ዕቃው ብቻ ቢታይ ደግሞ ማሳያው አልተበላሸም። ድራፍትማኑ (ንድፍ ሠሪው) የአርክቴክቱን ፕላን በኤክስሬፍ ከሌላ ፋይል ጠርቶት ነበር፤ የተላከው ጠሪው እንጂ ተጠሪው አይደለም። ላኪው ኢትራንስሚት በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ዚፕ ማሰር፣ ወይም ኤክስሬፉን ባይንድ አድርጎ ከፋይሉ ጋር ማዋሃድ አለበት።

የአማርኛው ጽሑፍ ነገር ለብቻው ይታይ። ብዙ ቢሮዎች የፕላኑን ርዕስና ማስታወሻ ዛሬም በቆዩ የፓወር ግዕዝና መሰል ፎንቶች ይጽፋሉ። እነዚህ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው ፊደላችንን ስለሚያሳዩ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሳያ ላይ «መኝታ ቤት» የተባለው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነውና ዛሬ ላይ ይህ ሰበብ የለውም። የጽሑፉን ስታይል (የፎንት ቅንብር) እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ወዳለ የዩኒኮድ ፎንት ቀይሮ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ነው። ስታይሉን ብቻ ቀይሮ ጽሑፉን መተው አይበቃም፤ ከሥር የተመዘገበው ላቲኑ ነውና። አጣዳፊ ከሆነ ከፋይሉ ጋር ፒዲኤፍ አብሮ ይላክ፤ ፎንቱን ከውስጡ ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግን ልኬቱ ነው። ማሳያው መለኪያ አለው፤ ሁለት ነጥብ ሲነካ ርቀቱን ይናገራል። ከመታመኑ በፊት ይፈተን። ፕላኑ ላይ ልኩ የተጻፈ ርቀት፣ ለምሳሌ ከኮለን (ምሰሶ) እስከ ኮለን 5.00 ሜትር የተባለው፣ ይለካ። 5 ሜትር ወይም 5000 ሚሊ ሜትር ካለ ደህና። 127 ሚሊ ሜትር ካለ ፋይሉ በሜትር ተሠርቶ በኢንች ተመዝግቧል፤ 5 ኢንች 127 ሚሊ ሜትር ነውና። በኢንች ቴምፕሌት (መነሻ ቅጽ) የተጀመረ ፋይል ዩኒቱ (የልኬት አሃዱ) ሳይስተካከል ሲቀር የሚመጣ ችግር ነው። ድራፍትማኑ ዩኒትስ በሚለው ትእዛዝ አርሞ እንደገና ያስቀምጠው። እሱ እስኪደርስ ማሳያው ላይ ካሊብሬት የሚለውን ከፍቶ ያንኑ ርቀት 5 ሜትር ብሎ ማስተካከል ይቻላል።

ሌላው ችግር ጣት ነው። 20 ሳንቲም ብሎኬት በሁለት በኩል ሁለት ሁለት ሳንቲም ሲለሰን 24 ይሆናል፤ የብሎኬቱና የልስኑ መስመር ስልክ ላይ አንድ ይመስላሉ። የመስኮቱ ክፍተት ከልስን ልስን ይሁን ከብሎኬት ብሎኬት ሳይለይ ከተለካ ልዩነቱ 4 ሳንቲም ነው። አሉሚኒየም 4 ሳንቲም አይምርም። በማውዝ መለካት፣ ካልሆነም እስኪበቃ አጉልቶ ከዚያ መንካት ነው።

የባሰው ደግሞ ቁጥሩ 4.00 እያለ መስመሩ 3.80 ሲሆን ነው። ድራፍትማኑ ግድግዳውን ማንቀሳቀስ ታክቶት ቁጥሩን ብቻ በእጁ ጽፎታል። በሙያው የተለመደው ደንብ የተጻፈው ልክ በስኬል ከተለካው ይቀድማል የሚል ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ግን ፌሮውን ከመቁረጥ በፊት ለዲዛይነሩ መደወል ይሻላል። ከፎቶ ላይ ይህ ግጭት ፈጽሞ አይታይም።

ብረት የሚቀርጹ ቶርኖ ቤቶችም ስቴፕ የተባለውን የዕቃ ባለ ሦስት ገጽታ ንድፍ ፋይል በዚሁ ማሳያ አዙረው ማየት ይችላሉ። የብሎኑ ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም፤ ኤም 10 ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ 8.5 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ ለጥርሱ መቁረጫ አስቀድሞ የሚቦረቦረው ልክ እሱ ነውና። እንዳለ ቦርቡሮ ማስረከብ ስህተት ነው። ኤስቲኤል የሚሉት ሌላው ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል ደግሞ ዩኒት የሚባል ነገር አይዝም፤ ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች ላኪው በጽሑፍ ካልነገረ አይሠራበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ፕላኑን ያያል። የጨረታ ሰነድ፣ የባንክ ካዝና ክፍል ወይም የባለቤቱ ፈቃድ ያልተገኘበት ንድፍ ወደ ኢንተርኔት አይጫን፤ ትሩቪው ላይ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ይከፈት። የተጫነውም ጊዜው ሲያልፍ ከሰርቨሩ ስለሚሰረዝ ዋናው ፋይል ፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከጎንደር